የጋሽ እሸቴ አራተኛ ስም

ጋሽ እሸቴ ገሰሰን ሳያውቁ የካ አባዶ እኖራለሁ ማለት ዘበት ነው። ሠላሳ አራት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ክረምት ከበጋ አረንጓዴ ሹራብ ከላያቸው የማይወልቅ ሰው ናቸው። አረንጓዴው የሾላ ቡድን ቀለም ነው። ሾላ ደግሞ ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ በፊት ከእርሻው መሀል የነበረ፣ ቡልዶዘሩ ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ አልፎት የሄደ፣ ዛሬም ከኳስ ሜዳው ጥግ የቆመ ትልቅ ዛፍ ነው። በዙሪያው ያሉት ብሎኮች ቡድናቸውን በዛፉ ስም ጠሩ። ጋሽ እሸቴም ዕጣ ወጥቶላቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ከገቡበት ቀን ጀምሮ የሾላ ደጋፊ ሆኑ። ሾላ ዋንጫ በልቶ አያውቅም። ይህ ወሬ ሲነሳ የጋሽ እሸቴ ጆሮ አይሰማም።

የሰፈሩ የክረምት ውድድር ስድስት ቡድን አለው። ድሮ ቡድኖቹ ተጫዋች የሚያገኙት በመነጣጠቅ ነበር፤ አንዱ ታኬታ ገዝቶ ያባብላል፣ ሌላው ምሳ ጋብዞ ይወስድበታል፣ መጨረሻው ሽማግሌ ነው። ከሦስት ዓመት ወዲህ ኮሚቴው ተራ ምርጫ የሚባል ነገር አመጣ። ከነባሮቹ ተጫዋቾች ሌላ በአዲስ መጫወት የፈለገ ሁሉ ይመዘገባል። በምርጫው ቀን ስድስቱ አሰልጣኞች በየተራቸው እየተነሱ አንድ አንድ ሰው ይጠራሉ። ባለፈው ዓመት ውራ የወጣው መጀመሪያ ይጠራል፣ ዋንጫ የበላው መጨረሻ። አራት ዙር ነው። ያልተጠራ ሰው ስሙ በድምፅ ማጉያ ይነበብና “ለከርሞ ያድርሰን” ይባላል። ለከርሞ ያድርሰን ደግ ቃል ነው፤ በዚያን ቀን ግን እንደሱ የሚያም ቃል የለም።

ሐሳቡን ያመጣው የአሜሪካ ኳስ በስልኩ የሚያይ የብሎክ ሰባ ሁለት ልጅ ነው ይባላል። ጋሽ እሸቴ ይህን አይቀበሉም።

“እኛ ደሴ እያለን ሁለት አምበል ቆሞ ተራ በተራ ሲመርጠን አልነበር እንዴ? ምኑ ነው አሜሪካ!” ይላሉ።

ታዲያ ምርጫው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ጋሽ እሸቴ ሾላ የሚመርጣቸውን አራት ልጆች በነጭ ወረቀት ጽፈው ሃይደር ሱቅ ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ። ከላይ “ግምት” ይላል። ከሥሩ አራት ስም፣ ከዚያ ቀን፣ ከዚያ ፊርማ፤ የጎደለው ቲተር ብቻ ነው። ካቻምና አራቱንም አገኙ። አምናም አራቱንም። ስምንት ከስምንት! ጎረምሶቹ የኳስ ዳኛን ስህተት በሚያርመው ቪዲዮ “ቫር” የሚል ስም አወጡላቸው። ጋሽ እሸቴ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው “ተዉ እናንተ ልጆች” ይላሉ እንጂ ስሙን ወደውታል፤ ሚስታቸው ወይንሸት ይህን ነግራኛለች ብል አላጋነንኩም።

አምና ሾላ ውራ ስለወጣ የዘንድሮው የመጀመሪያ ምርጫ የእሱ ሆነ። ማክሰኞ ኮሚቴው የተመዘገቡትን ሠላሳ ሁለት ስሞች ሲለጥፍ ጋሽ እሸቴ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ ወደ ታች መውረድ ጀመሩ። ሃያ ዘጠነኛው ላይ ቆሙ። “ቢሩክ እሸቴ ገሰሰ፣ ተከላካይ” ይላል።

መነጽሩን አውልቀው ጠረጉት። መልሰው አደረጉት። ያው ነው።

ቢሩክ አንድ ልጃቸው ነው፣ ሃያ ሰባት ዓመቱ። በአንድ ክለብ ወጣት ቡድን ውስጥ የግራ ተከላካይ ነበር፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ነገ በቴሌቪዥን እናየዋለን ይል ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ክፍለ ሀገር ሲጫወት የግራ ጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ተቀደደ፣ ተሰፋ፣ ዳነ ተባለ። ክለቡ ግን አልጠበቀውም። ቢሩክ ጉርድ ሾላ አንድ ስልክ መሸጫ ውስጥ ሥራ ገባ፤ ጠዋት ይሄዳል፣ ማታ ይመጣል፣ ስለ ኳስ አንድ ቃል አይተነፍስም። ታኬታው ሶፋው ሥር በፌስታል ተቋጥሮ ሦስት ዓመት ተቀመጠ። ጋሽ እሸቴ ቤት ሲጠረግ እግራቸውን ያነሱና ፌስታሉን እንዳላዩ ሆነው ያልፋሉ።

እውነቱን ለመናገር ግን ስሙን መዝገቡ ላይ ከማየታቸው በፊትም አንድ ነገር ያውቁ ነበር። ሶፋው ሥር ያለው ፌስታል ባዶ ከሆነ ሦስት ሳምንቱ ነው። ቢሩክ ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ይወጣል። ሜዳው ደግሞ ከበረንዳቸው ፊት ለፊት ነው። ጋሽ እሸቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ሻያቸውን ይዘው ያዩታል። የመጀመሪያ ሰሞን እያነከሰ ይሮጥ ነበር። ኳስ ለብቻው ከግንቡ ጋር እየተቀባበለ፣ ከሚዞርበት ይልቅ የሚቆምበት ይበዛል። በሦስተኛው ሳምንት ግን አንድ ቀን ከፍ ብሎ ዘለለና በጭንቅላቱ መትቶ በግራ እግሩ አረፈ። ጉልበቱ ቻለው።

“እሰይ!” ብለው ጮኹ ጋሽ እሸቴ።

“ምን ሆንክ?” አለች ወይንሸት ከመኝታ ቤት።

“ምንም። ሻይ አቃጠለኝ።”

“ሻይ ያቃጠለው ሰው እሰይ ይላል እንዴ?”

ማክሰኞ ማታ ቢሩክ ከሥራ ሳይመጣ ወይንሸት አጠገባቸው ተቀመጠች።

“አይተኸዋል አይደል፣ መዝገቡን?”

“አይቼዋለሁ።”

“ለእኔ ነግሮኛል። ለአባዬ እንዳትነግሪው ብሎኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሆዴ አልችል አለ።” ድምጿን ዝቅ አደረገች። “ዘንድሮ አንድ ሰው ከጠራኝ እጫወታለሁ፣ ማንም ካልጠራኝ ታኬታውን ለሰው እሰጣለሁ፣ ኳስ የሚባል ነገር በዚህ ያበቃል ነው ያለኝ። እንዲህ ሲል ብታየው አንጀት ይበላል፣ እሼ።”

ጋሽ እሸቴ በልባቸው አሰሉ። ሠላሳ ሁለት ተመዝግቧል፣ የሚጠራው ሃያ አራት ነው። ስምንት ሰው ለከርሞ ያድርሰን ይባላል።

ሐሙስ ከሰዓት ምግብ ጠረጴዛው ላይ ወረቀታቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አላስቸገሯቸውም። አንደኛ አዶኒያስ፣ አጥቂው፤ እሱን የማይጠራ አሰልጣኝ ቢኖር ሐኪም ያስፈልገዋል። ሁለተኛና ሦስተኛ አማካዮቹን ጻፉ። አራተኛው ላይ ብዕራቸውን አነሱ። ሾላ አምና አሥራ አንድ ጎል ገብቶበታል፣ ሰባቱ በግራ በኩል። የግራ ተከላካይ ያስፈልገዋል። ከሠላሳ ሁለቱ ውስጥ ከቢሩክ የተሻለ የግራ ተከላካይ የለም። ይህን የሚሉት አባቱ ስለሆኑ አይደለም፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ በዓይናቸው አይተዋል። “4ኛ ቢሩክ እሸቴ” ብለው ጻፉ። ቀን አስገቡ፣ ፈረሙ፣ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወጡ።

ደረጃውን መውረድ ሲጀምሩ ግን ይሉኝታ የሚባለው ነገር ከኋላ ተከተላቸው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ “ልጁን ሊያስመርጥ ነው እንዴ?” የሚል ድምፅ የሰሙ መሰላቸው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ “ለካስ ቫርም ይገዛል!” አለ። አንደኛ ፎቅ ሲደርሱ ሙሉ ሰፈሩ ሃይደር ሱቅ ፊት ቆሞ ሲስቅባቸው ታያቸው። አራተኛ ፎቅ ላይ እውነት የነበረው ነገር መሬት ሲደርስ ነውር ሆነ።

“ሃይደር፣ እስቲ አንድ ነጭ ወረቀት ስጠኝ” አሉ።

ሃይደር የስልጤ ልጅ ነው፤ ዐሥር ዓመት እዚያው ሱቅ ውስጥ ቆሞ ሰው ሲገዛ ብቻ ሳይሆን ሲያስብም ያያል። ወረቀቱን ሰጣቸው። ጋሽ እሸቴ ባንኮኒው ላይ አጎንብሰው አዲስ ጻፉ። ሦስቱን እንደነበሩ ገለበጡ። አራተኛው ላይ “ሀሩን” ብለው አሳረፉ። ሀሩን ሩጫ አለው፤ ከሩጫ ሌላ ግን ምንም የለውም።

ሃይደር አነበበውና ጉሮሮውን ጠረገ።

“ጋሼ፣ የቢሩክን ስም መዝገቡ ላይ ያየሁ መስሎኝ...”

“ታዲያ?”

“ኧረ ምንም፤ ፕላስተር ልስጥዎት ወይ ልል ነው።”

ጋሽ እሸቴ ወረቀቱን ለጠፉ። የመጀመሪያው ወረቀት ኪሳቸው ውስጥ ቀረ። ሊቀዳድዱት አውጥተው ነበር፤ እጃቸው እምቢ አላቸው።

ማታ ቢሩክ ዳቦ ይዞ ገባ። ዳቦ የሚገዛው ሃይደር ጋ ነው። እራት ቀረበ። ወይንሸት አንዱን ታያለች፣ ሌላውን ታያለች። ቢሩክ ሦስት ጉርሻ ያህል በልቶ ቀና አለ።

“ሀሩን ፈጣን ልጅ ነው” አለ።

“አዎ፣ ፈጣን ነው” አሉ ጋሽ እሸቴ።

“እኔ ጠገብኩ፤ ይባርካችሁ” ብሎ ተነስቶ መኝታ ቤቱ ገባ። ወይንሸት በሩ እስኪዘጋ ጠብቃ ወደ ባሏ ዞረች።

“አንተ ሰው፣ ጤነኛ ነህ?”

“ሰው ምን ይለኛል ወይኔ? ልጁን ጻፈ አይሉኝም?”

“ሰው! ሰው! ሠላሳ ዓመት ስለ ሰው ስትጨነቅ ሰው አንድ ቀን ስለ አንተ ተጨንቆ ያውቃል? ልጄስ ምን ይለኛል አትልም?”

ጋሽ እሸቴ እጃቸውን ሊታጠቡ ተነሱ። ውሃ አልነበረም። ከባልዲው በጣሳ ቀድተው ከሚገባው በላይ ረጅም ጊዜ ታጠቡ።

አርብ ጠዋት በረንዳ ላይ ወጥተው ሜዳውን ቢያዩ ማንም የለም። ቢሩክ ተኝቷል።

ቅዳሜ ላምበረት መናኸሪያ ደርሰው ለእህታቸው ደሴ በሚሄድ አውቶቡስ መድኃኒት ልከው ሲመለሱ፣ ታክሲ ውስጥ አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው “ጋሽ እሸቴ!” ብሎ ጨበጣቸው። ፊሊጶስ ነው፣ የሾላ አሰልጣኝ። መናኸሪያው ውስጥ ስምሪት ላይ ይሠራል፤ አውቶቡሶቹ ከሚወጡበት ንጋት ጀምሮ እስኪመሽ እዚያው ነው።

“የዘንድሮውን ወረቀት ፎቶ አንስቼዋለሁ” አለና ስልኩን አውጥቶ አሳያቸው። “እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። እርስዎ ባይኖሩ እኔ ምን እሆን ነበር?”

“እንዴት ነው እሱ?”

“አይ፣ ያውቃሉ ብዬ እኮ ነው!” ፊሊጶስ ሳቀ። “ልጆቹን የት አግኝቼ አያለሁ? ሳምንቱን ሙሉ መናኸሪያ ነኝ። ካቻምናም አምናም የመረጥኩት ከእርስዎ ወረቀት ነው። አንድ በአንድ፣ እንደጻፉት።”

ስምንት ከስምንት! ሁለት ዓመት ሙሉ ደረታቸውን የነፉበት ነገር ግምት አልነበረም ማለት ነው። ገምተው አያውቁም። እሳቸው ጻፉ፣ ፊሊጶስ ጠራ። አሁን በመናደድና በማፈር መሀል ሆነው ሳሉ ፊሊጶስ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ቀስ ብሎ ጨመረ።

“የቢሩክን ስም መዝገቡ ላይ ሳይ ደስ ብሎኝ ነበር። ኧረ እንደውም የግራ ተከላካይ ይቸግረኛል። በኋላ የእርስዎን ወረቀት ሳይ ተውኩት። አባቱ ካልጻፈው ጉልበቱ አልዳነም ማለት ነው አልኩ። ከአባት በላይ ማን ያውቃል?”

ጋሽ እሸቴ አፋቸውን ከፈቱ። ድኗል ሊሉ ነው። ወረቀቱ ውሸት ነው፣ እውነተኛው እዚህ ኪሴ ውስጥ ነው ሊሉ ነው። ነገር ግን ከፊት የተቀመጡት ሴትዮ ጆሯቸውን ወደ ኋላ የጣሉ መሰላቸው፤ ረዳቱም በሩ ላይ ቆሞ የሚያያቸው እሳቸውን ነው። ደግሞስ ምን ሊባል ነው? ሽማግሌው ታክሲ ውስጥ አሰልጣኙን ይዞ ስለ ልጁ ለመነ?

“ሀሩን ግን አስተማማኝ ነው አይደል?” አለ ፊሊጶስ።

“ጥሩ ነው” አሉ ጋሽ እሸቴ።

“በቃ፣ እርስዎ ካሉ።”

“ወራጅ አለ!” ብለው ጮኹ። ቤታቸው ሊደርስ ሁለት ፌርማታ ይቀረው ነበር። ጭቃውን እየረገጡ፣ ራሳቸውን እየሰደቡ በእግራቸው ሄዱ። ሐሙስ ባንኮኒ ላይ ክደውታል፣ ዛሬ ታክሲ ውስጥ ክደውታል። ጴጥሮስም እንዲህ ነው ያደረገው፤ የቀረው ሦስተኛውና የዶሮው ጩኸት ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ የእድሩ ድንኳን ከሾላው ዛፍ አጠገብ ተተከለ፣ የእድሩ አግዳሚዎች ተደረደሩ። ዝናቡ ለአፍታ አባርቶ ነበር። ወይንሸት “እኔ ልቤ አይችልም፣ ከቤት እሰማዋለሁ” ብላ ቀረች። ቢሩክን ግን አስገድዳ አስወጣችው። አልሄድም ብሎ ነበር፤ “ተመዝግበህ መቅረት ነውር ነው” አለችው። ከተመዘገቡት ልጆች ጀርባ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። ጋሽ እሸቴ አረንጓዴ ሹራባቸውን ለብሰው ፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ ቦታቸው ነው፣ ማንም አይቀመጥበትም። ኪሳቸው ውስጥ ያለውን ወረቀት በየደቂቃው ይዳስሱታል።

ፊሊጶስ መጀመሪያ ተነሳ። “አዶኒያስ!” አለ። ጭብጨባ ሆነ። ሌሎቹ አምስቱ ጠሩ። በሁለተኛው ዙር ፊሊጶስ በወረቀቱ ላይ ሁለተኛ ያለውን ጠራ። በሦስተኛው ሦስተኛውን። ከኋላ ጎረምሶቹ “ቫር! ቫር!” እያሉ ጮኹ። ጋሽ እሸቴ ፈገግ ለማለት ሞከሩ፤ ፊታቸው አልታዘዝ አላቸው። ቢሩክ አልተጠራም። ሌላም አሰልጣኝ አልጠራውም።

አራተኛው ዙር ደረሰ። ፊሊጶስ ስልኩን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ በቀጥታ ጋሽ እሸቴን አያቸው። ሰከንድ አይሞላም፤ ግን አያቸው፣ ቅንድቡንም ከፍ አደረገ። አንድ ጊዜ ራስ መነቅነቅ ይበቃ ነበር። ጋሽ እሸቴ የጫማቸውን ጭቃ ተመለከቱ።

“ሀሩን!”

“አራት ከአራት!” ብሎ ሕዝቡ ፈነዳ። አንዱ ትከሻቸውን መታቸው፣ አንዱ ከኋላ አቀፋቸው፣ አንዱ “አሥራ ሁለት ከአሥራ ሁለት! ዘንድሮ ሎተሪ ይቁረጡ ጋሼ!” አላቸው። በሕይወታቸው እንደዚያች ደቂቃ የተጨበጨበላቸው የለም። እንደዚያች ደቂቃም ራሳቸውን የጠሉበት ጊዜ የለም።

ሌሎቹ ቀጠሉ። ሃያ አንድ ሰው ተጠራ፣ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት። የቀሩት ዘጠኝ ልጆች ክፍተቱ ውስጥ ተበታትነው ቆመዋል፤ ማን የት እንደሚያይ የሚያውቅ የለም። ቢሩክ ጃኬቱን መዝጋት ጀመረ። የኮሚቴው ሰብሳቢ የተረፉትን የሚያነብበትን ወረቀት አወጣ።

የመጨረሻው ተራ የድልድይ ቡድን ነው፣ የአምናው ባለዋንጫ። አሰልጣኟ ሳምራዊት ናት፤ የስፖርት አስተማሪ፣ ቀጭን፣ ንግግር የማታበዛ። ከአግዳሚው ሳትቸኩል ተነሳች።

“ቢሩክ እሸቴ” አለች።

ቢሩክ ራሱ አልሰማም፤ ጃኬቱን እየዘጋ ነበር። አጠገቡ የነበረው ልጅ ገፋው። “አንተን እኮ ነው!” ያኔ ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ እልልታ ወረደ። ወይንሸት ናት፤ ድምፅ ማጉያውን ስትከታተል ነበር። ሰው ሁሉ ወደ ላይ አየና ሳቀ፣ ከዚያ ጭብጨባው መጣ። ቢሩክ የድልድይን ሰማያዊ ማሊያ ለመቀበል ወደ ፊት ሲሄድ በግራ እግሩ ምንም አላነከሰም። ጋሽ እሸቴ እንባቸው መጣ፤ አቧራ ገባብኝ እንዳይሉ ሰኔ ነው፣ አቧራ ከየት ይመጣል?

ድንኳኑ ሲፈርስ ሳምራዊት መጥታ ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻቸው።

“እግዜር ይስጥልኝ ጋሽ እሸቴ።”

“ለምኑ ልጄ?”

“ለወረቀቱ ነዋ። እኔም ጠዋት ጠዋት በሜዳው ዙሪያ እሮጣለሁ፤ ልጁን ሦስት ሳምንት አይቼዋለሁ። በሁለተኛው ዙር ልጠራው ነበር ያሰብኩት። የእርስዎን ወረቀት ሳነብ ግን አረፍኩ። ፊሊጶስ እርስዎ ካልጻፉት አይጠራም፣ ሌሎቹም አባቱ የተወውን ማን ይነካል? ስለዚህ ሌሎቹን ልጆች ወስጄ እሱን ለመጨረሻ አቆየሁት።” ሳቅ አለች። “ፊሊጶስ ከእርስዎ እንደሚገለብጥ ግን የማያውቅ ሰው አለ እንዴ?”

አንድ ሰው አለ። ጋሽ እሸቴ ግን “እሱስ” ብቻ አሉ። ከራሳቸው ቤት፣ በራሳቸው እጅ፣ የሚወዱትን ቡድን የግራ ተከላካይ ለባለዋንጫው በነፃ አስረክበዋል።

አባትና ልጅ አብረው ወደ ቤት አዘገሙ። ዝናቡ ማካፋት ጀመረ። ቢሩክ ማሊያውን እንዳይረጥብ ጃኬቱ ውስጥ ከቶታል።

“ዛሬ አልመጣም ብዬ ነበር” አለ ቢሩክ። “የአንተ ዓይን ስቶ አያውቅም። ስሜን ስትተወው በቃ፣ አለቀልኝ ማለት ነው ብዬ... ጉልበቴን ከእኔ በላይ አይቶታል አልኩ። እውነቱን ልንገርህ አባዬ፣ ማንም ባይጠራኝ ኖሮ ያን ያህል ባልከፋኝ። የአንተ ነው የከፋኝ።”

ጋሽ እሸቴ ብሎኩ መግቢያ ላይ ቆሙ። እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ወረቀቱን አወጡ። አራት ቀን ሲዳሰስ ጠርዙ ተበልቷል። ሰጡት። ቢሩክ ዘርግቶ አነበበ። ቀኑን አየ፣ ፊርማውን አየ፣ አራተኛውን አየ።

“ይሄ መቼ ነው?”

“ሐሙስ። ከሌላው በፊት። ዓይኔ አልሳተም ልጄ። ከበረንዳው ሆኜ ሁሌ አይህ ነበር። የፈራው እጄ ነው። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። ይቅር በለኝ።”

አባት ልጁን ይቅር በለኝ ሲል በዚያ ደረጃ ላይ ተሰምቶ አያውቅም። ቢሩክ ወረቀቱን አጣጥፎ ማሊያው ውስጥ ከተተው።

“እንውጣ፣ ዝናብ ነው” አለ። “እማዬ ደግሞ ከዚያ በላይ እልል ካለች ጎረቤት ይከሰናል።”

ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው ጨዋታ መርሐ ግብር ወጣ፤ ሾላ ከድልድይ። ጋሽ እሸቴ ወደ ሃይደር ሱቅ ወረዱ። በዚህኛው ጊዜ ቤት ውስጥ አልጻፉም፣ ባንኮኒውም ላይ አላጎነበሱም። ግድግዳው ላይ፣ ሰው እያየ፣ ቆመው ጻፉ። ዳቦ ሊገዙ የመጡት ሁሉ ከበቧቸው። ሃይደር አንገቱን አስግጎ ጮክ ብሎ አነበበ።

“ግምት። ድልድይ አንድ፣ ሾላ ዜሮ። ጎል አግቢ፣ ቢሩክ እሸቴ፣ በቅንፍ...” ቆመ። “በቅንፍ ልጄ ይላል።”

“ጋሼ! በሾላ ላይ?” አለ አንዱ ጎረምሳ፤ ዓይኑን ማመን አልቻለም። “ልጅዎ ስለሆነ ነው አይደል?”

“አዎ፣ ልጄ ነው!” አሉ ጋሽ እሸቴ። ድምፃቸው ከአሰቡት በላይ ወጣ። “ልጄ ነው፤ ታዲያ ምን ይሁን?”

ጎረምሳው ዳቦውን ይዞ ሄደ። ለካ ይሄው ነው፤ አራት ቀን እንቅልፍ ያሳጣቸው ሰው የሚባለው ነገር ዳቦ ይዞ ሄደ።

ማታ ቢሩክ ከጉርድ ሾላ ሲመለስ ሃይደር ሱቅ ፊት ብዙ ቆመ። ዳቦ ሳይገዛ ወደ ቤት ወጣ። ጋሽ እሸቴ በረንዳው ላይ ናቸው፤ አረንጓዴ ሹራባቸውን እንደለበሱ ነው፣ ሌላ ሹራብ የላቸውም።

“አባዬ” አለ ቢሩክ በሩ ላይ ቆሞ። ሊስቅ ነው ሊያለቅስ አልለየም። “እኔ እኮ ተከላካይ ነኝ። ምን ጎል አገባለሁ?”

“አውቃለሁ።”

“ግምትህ ሊሳሳት ነው። አሥራ ሁለት ከአሥራ ሁለት የሚባለው ነገር ያበቃለታል።”

“ያብቃ” አሉ ጋሽ እሸቴ፤ አጠገባቸው ያለውን ወንበር ለልጃቸው ሳቡለት።